ኩንታሉ ስንት ሊትር ይበላል? የፒክአፕና የጭነት መኪና እውነተኛ የነዳጅ ፍጆታ በደብረ ወርቅ መንገድ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን እናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ በደብረ ወርቅ ከተማና በዙሪያዋ ጤፍና ስንዴ ከአውድማ ወጥቶ ወደ ገበያ ሲያመራ፣ አርሶ አደሩና ነጋዴው መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ እህሉ ዋጋ ይመስላል። በተግባር ግን ከዋጋው በፊት ያለቀ ሌላ ሒሳብ አለ፤ የጭነት ሒሳብ። ነጋዴው እህሉን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ያውቃል። ከዚያ ላይ የመኪና ኪራዩን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውንና የራሱን ትርፍ ይቀንሳል። የቀረው ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው ዋጋ ይሆናል። በመሆኑም መኪናው በመንገድ ላይ የሚያቃጥለው እያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ውሎ አድሮ የሚከፈለው ከአርሶ አደሩ ኩንታል ላይ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ መኪና በእርግጥ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈጅ በትክክል ተመዝግቦ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። ሻጩ በወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ይናገራል፤ ሾፌሩ በልምድ ይገምታል፤ ተከራዩ የተባለውን ይቀበላል። ሁሉም የሚናገሩት ደግሞ መኪናው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። ለእህልና ለማዳበሪያ ማጓጓዣ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ዋናው ጥያቄ አንድ ኩንታል እህል ከመጋዘን ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ስንት ሊትር ነዳጅ ይበላል የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ቢመስሉም የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው።

የነዳጅ ዋጋ የት ደረሰ?

መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም መጨረሻ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ የነጭ ናፍጣ ደግሞ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም መጨረሻ ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ደረሱ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ በተደረገው ማስተካከያ ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆኑ። በሁለት ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ የሁለቱም ዋጋ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። በክልል ከተሞች ደግሞ የማጓጓዣው ርቀት ይታከልበታል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ትኩረት የሚሻ አንድ ለውጥ አለ። በ2014 ዓ.ም ቤንዚን ከናፍጣ በ1 ብር ከ19 ሳንቲም ይረክስ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ግን ቤንዚን ከናፍጣ በ2 ብር ከ49 ሳንቲም በልጧል። ቀድሞ «ቤንዚን ይሻላል፤ በማደያም ይረክሳል» እየተባለ የተገዛ መኪና በዚያን ጊዜ ያ ምክንያቱ ቀርቶበት ነበር።

ሌላው ጉዳይ ድጎማው ሲነሣ የታለመው ድጎማ ያተኮረው በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ መሆኑ ነው። እህልና ማዳበሪያ የሚያመላልሰው መኪና የዋጋ ጭማሪውን በሙሉ ተሸክሟል። ስለዚህ የጭነት ወጪን መቀነሻው አንዱ መንገድ ያለውን ሊትር በአግባቡ መጠቀም ነው። ለዚህም መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል።

በወረቀት ላይ ያለው ቁጥርና መንገድ ላይ ያለው እውነት

የመኪና አምራቾች የሚያወጡት የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር የሚገኘው በላቦራቶሪ ነው። መኪናው በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ፣ ሙቀቱ ተስተካክሎ፣ ከሾፌርና ከጥቂት ክብደት በቀር ሳይጭን ይሞከራል። ዳገት የለም፤ ጭቃ የለም፤ ነፋስ የለም። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ በ2001 ከ10 በመቶ በታች የነበረው የወረቀትና የመንገድ ልዩነት በ2016 ወደ 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ይህ የሆነው መንገዱ ለስላሳ፣ መኪናውም አዲስ በሆነበት ሀገር ነው።

ስለ ከባድ ፒክአፖች ከተነሣ ደግሞ የአሜሪካ ተሞክሮ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በዚያ ሀገር አዲስ መኪና ሲሸጥ የነዳጅ ፍጆታውን የሚገልጽ ወረቀት በመስኮቱ ላይ መለጠፍ ግዴታ ነው። ሆኖም ጠቅላላ ክብደታቸው ከ8 ሺህ 500 ፓውንድ ማለትም ከ3 ሺህ 856 ኪሎ ግራም በላይ የሆኑ ከባድ ፒክአፖች ይህ ወረቀት አይለጠፍባቸውም። እንደ ፎርድ ኤፍ 250፣ ራም 2500 እና ሼቭሮሌ ሲልቬራዶ 2500 ያሉት ከዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው። ገዥው ትክክለኛውን ፍጆታ የሚያውቀው ገዝቶ ከነዳ በኋላ ነው።

የቤንዚን ሞተር ያላቸው እነዚህ ፒክአፖች ባዶአቸውን በአውራ ጎዳና ሲሄዱ በአንድ ጋሎን ከ13 እስከ 16 ማይል ገደማ ይጓዛሉ። ይህም በሊትር ከ5 ነጥብ 5 እስከ 6 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከባድ ተሳቢ ሲጎትቱ ግን ወደ 8 ወይም 10 ማይል ይወርዳሉ፤ በሊትር ከ3 ነጥብ 4 እስከ 4 ነጥብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ። በኪሎ ሜትር ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህ ከፍተኛ ብክነት ነው። ነገር ግን መኪናው ባዶውን ሲሄድ ያደረሰው ሾፌሩን ብቻ ሲሆን፣ ተሳቢውን ሲጎትት ያደረሰው ብዙ ቶን ጭነት ነው። በተጫነው ክብደት ሲካፈል ብዙ ነዳጅ የፈጀው ጉዞ ይበልጥ ቆጣቢ ሆኖ ይገኛል።

የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ይህን ስለተረዱ ለከባድ ተሽከርካሪዎች ባወጡት ደረጃ ላይ ሥራን የመለኪያው አካል አድርገዋል። ለትልልቅ የጭነት መኪናዎች መለኪያው አንድ ቶን ጭነትን አንድ ማይል ለማድረስ የሚፈጀው ነዳጅ ነው። ለከባድ ፒክአፖች ደግሞ እ.ኤ.አ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ የሚፈቀደው ፍጆታ የሚወሰነው መኪናው ሊሸከምና ሊጎትት በሚችለው ክብደት መጠን ሆኗል። ብዙ ለሚሠራ ብዙ ይፈቀዳል፤ ጥቂት ለሚሠራ ጥቂት። ለደብረ ወርቅ የእህል ጭነትም የሚስማማው ይኸው አስተሳሰብ ነው።

የደጋው አየርና የዓባይ በረሃ

የጎጃም ደጋ በመኪና ሞተር ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። የመጀመሪያው የአየሩ መሳሳት ነው። ደብረ ማርቆስን ጨምሮ የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሾፌሩ ማርሽ አውርዶ፣ ሞተሩን አስጩኾ ዳገቱን ይወጣል። ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

በካርቡሬተር የሚሠሩ አሮጌ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ካርቡሬተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ደጋ ሲወጣ አየሩ ያንሳል እንጂ ነዳጁ በልኩ አይቀንስም። ትርፉ ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል። ይህ ለፒክአፕ ብቻ ሳይሆን በመስኖ ወቅት ለሚሠሩ የቤንዚን ውኃ መሳቢያ ሞተሮችና ለባለሙያዎች ሞተር ሳይክሎችም የሚሆን ማስጠንቀቂያ ነው። በሙያተኛ ለከፍታው ማስተካከል ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ከወቅት ወቅት የሚዘልቅ ነው።

ሁለተኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከደብረ ወርቅ በብቸና እና በደጀን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት የዓባይን በረሃ መሻገር ግዴታው ነው። መንገዱ ከደጀን በኩል ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል ከፍታ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ይህ ዳገት የሚጠይቀው ጉልበት በቀላል የፊዚክስ ስሌት ሊታወቅ ይችላል።

አንድ ኩንታል ጤፍን 1 ሺህ 400 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 1 ነጥብ 4 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት ቢይዝም፣ የቤንዚን ሞተር በጭነት ጊዜ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሩብ ብዙ አይበልጥም። ናፍጣ በሊትር 36 ሜጋጁል ገደማ ይይዛል፤ የናፍጣ ሞተርም ከሦስት እጅ አንዱን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይጠቀማል። ስለዚህ ኩንታሉን ብቻ ለማንሣት የቤንዚን ሞተር 0 ነጥብ 17 ሊትር፣ የናፍጣ ሞተር 0 ነጥብ 11 ሊትር ገደማ ይፈጃሉ።

ኩንታሉ ግን ብቻውን ዳገት አይወጣም፤ መኪናውም አብሮት ይወጣል። ልዩነቱ የሚሰፋውም እዚህ ላይ ነው። ከነሾፌሩ 2 ቶን የሚመዝን የቤንዚን ፒክአፕ 10 ኩንታል ሲጭን፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል እህል ሁለት ኩንታል ብረት አብሮ ወደ ላይ ይነሣል። ለዚህ ዳገት ብቻ 5 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይወጣል፤ ለኩንታል ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ባዶ ክብደቱ 3 ቶን የሆነ ከባድ ፒክአፕ 15 ኩንታል ቢጭንም መልሱ ያው ግማሽ ሊትር ነው፤ ምክንያቱም ጭነቱ ሲያድግ ብረቱም አብሮ አድጓል። 5 ቶን ገደማ የሚመዝን አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር 70 ኩንታል ሲጭን ግን ለኩንታል የሚደርሰው ብረት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ዳገቱን በ13 ሊትር ናፍጣ ቢወጣው ለኩንታል የሚደርሰው ከ0 ነጥብ 2 ሊትር ያነሰ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለከፍታው ብቻ የሚወጣ ነው። የጎማ ግጭት፣ የነፋስ ግፊት፣ የመንገዱ መጎሳቆልና መቆም መነሣት አልተጨመሩም። ቁልቁለቱ ደግሞ የወጣውን አይመልስም። አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው በቁልቁለት መልቀቃቸው እጅግ አደገኛ ነው፤ ፍሬን ግሎ እምቢ ሊል ይችላል። ኢንጀክሽን ያላቸው ዘመናዊ ሞተሮች በማርሽ ቁልቁል ሲወርዱና የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚያቋርጡ፣ ማርሽ ማውጣቱ ቁጠባም አይደለም።

ስሌቱ በኩንታል ሲሆን

ነገሩን በብር ለማየት ቀላል ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንድ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ጭኖ ሄዶ ባዶውን 100 ኪሎ ሜትር ይመለስ እንበል። የኪሎ ሜትሩ ፍጆታ እንደ መኪናው ዕድሜና እንደ መንገዱ ስለሚለያይ፣ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት የተያዙ ናቸው፤ ዋጋውም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ በአዲስ አበባ የነበረው ነው።

የቤንዚን ፒክአፕ 10 ኩንታል ጭኖ በሊትር 6፣ ባዶውን 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በደርሶ መልስ 29 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ለአንድ ኩንታል የሚደርሰው ወደ 2 ነጥብ 9 ሊትር ወይም 296 ብር ገደማ ነው። የናፍጣ ፒክአፕ ያንኑ 10 ኩንታል ጭኖ በሊትር 8፣ ባዶውን 11 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 21 ነጥብ 6 ሊትር ይፈጃል፤ ለኩንታል 214 ብር ገደማ ይሆናል።

አይሱዙ ኤን ፒ አር 40 ኩንታል ጭኖ በሊትር 5፣ ባዶውን 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለኩንታል 85 ብር ገደማ ይደርሳል። ኤፍ ኤስ አር 70 ኩንታል ጭኖ በሊትር 3 ነጥብ 5፣ ባዶውን 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደግሞ 69 ብር ገደማ ነው። በሊትር ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና በኩንታል ሲሰላ ከሁሉም ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትምህርት «ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?» ከሚለው ክርክር ያለፈ ነው። ከቤንዚን ፒክአፕ ወደ ናፍጣ ፒክአፕ መሸጋገር በኩንታል 82 ብር ገደማ ያተርፋል። ከቤንዚን ፒክአፕ ሙሉ ወደ ተጫነ ኤፍ ኤስ አር መሸጋገር ግን 227 ብር ገደማ ያተርፋል። አምስት ኩንታል ጤፍ ይዞ ለሚወጣ አርሶ አደር ልዩነቱ ከ1 ሺህ 100 ብር በላይ ነው። ያ ገንዘብ የማዳበሪያ ዕዳ ማቃለያ ወይም የልጅ የትምህርት ቤት ወጪ መሸፈኛ ሊሆን ይችል ነበር።

ትልቁ መኪና ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት ግን አይደለም። ያው ኤፍ ኤስ አር ግማሽ ጭነት ማለትም 35 ኩንታል ብቻ ይዞ በሊትር 4 ነጥብ 2 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ባዶውን ቢመለስ ለኩንታል 124 ብር ገደማ ይደርሳል፤ ሞልቶ ከሚሄደው ኤን ፒ አር የበለጠ ወጪ ነው። በተቃራኒው በሄደበትም በተመለሰበትም 70 ኩንታል ቢጭን ወጪው ለኩንታል ወደ 40 ብር ይወርዳል። ነዳጅን የሚያባክነው ከሞተሩ ይልቅ ባዶ የሚሄደው ካሶኒ ነው።

ፒክአፑ ለምን ተመራጭ ሆነ?

ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ አርሶ አደሩና አነስተኛ ነጋዴው ለምን በፒክአፕ ይጭናሉ? ምክንያቱ አለማወቅ አይደለም። አምስት ወይም አሥር ኩንታል ያለው ሰው 70 ኩንታል የሚጭን መኪና ብቻውን መከራየት አይችልም። ፒክአፑ በቀጭኑ የቀበሌ መንገድ ገብቶ ከደጅ ይጭናል፤ እስኪሞላ ብዙ ቀን አይጠብቅም። ገንዘብ ዛሬ ለሚያስፈልገው ሰው የመጠበቂያው ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው። በጸጥታ ችግር ወይም በክረምት ምክንያት መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ቶሎ የሚነሣ ትንሽ መኪና ይመረጣል።

ከዚህም ሌላ የታመመ ከብት ለማከም፣ ጥቂት ኩንታል ምርጥ ዘር ራቅ ወዳለ ቀበሌ ለማድረስ፣ አትክልት ሳይበላሽ ለማውጣት ፒክአፕ ትክክለኛው መኪና ነው። ችግሩ የሚመጣው ለአጭርና ለአስቸኳይ ሥራ የተሠራው መኪና የዓባይን በረሃ እያቋረጠ የጤፍ ጫኝ ሲሆን ነው።

ቤንዚን ለሚጠቀሙ ደግሞ የአቅርቦቱ ጉዳይ ይጨመራል። ከዋና ዋና ከተሞች በራቁ አካባቢዎች ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ ከማደያው ዋጋ በላይ ይሸጣል። ከላይ የተሰላው 296 ብር በማደያ ዋጋ የተያዘ ነው፤ ከጀሪካን የተቀዳ ከሆነ ወጪው ያሻቅባል። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሞተር ሊያበላሽ ይችላል፤ በቤት ማስቀመጡም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ታንኩ እስከ አፉ ይሞላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመዘገባል። መኪናው የተለመደ ሥራውን ከሠራ በኋላ እንደገና እስከ አፉ ይሞላል። በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመካከሉ የተፈጀው ነዳጅ ነው። ከጎኑ የተጫነው ኩንታል ይጻፋል። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ሊያሳስት ስለሚችል አምስት ስድስት ጉዞ መዝግቦ አማካዩን መውሰድ ይገባል። ነዳጅ በቴሌብር መከፈል ከጀመረ ወዲህ የተቀዳው ነዳጅ ሒሳብ በስልክ ላይ ስለሚቀር ምዝገባው ቀልሏል።

ይህ አሠራር ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይጠቅማል። ለፒክአፕና ለሞተር ሳይክል የነዳጅ ኮታ ብዙ ጊዜ የሚመደበው በኪሎ ሜትር ነው። በአስፋልት ወደ ስብሰባ የሄደው ፒክአፕና ዘር ጭኖ በጭቃ ቀበሌ የገባው ፒክአፕ በአንድ ስሌት ሲለኩ፣ ሥራ የሠራው አባካኝ ሆኖ ይታያል። ኮታው የተጫነውንና የመንገዱን ሁኔታ ከግምት ቢያስገባ ባለሙያው ወደ ሩቅ ቀበሌ ከመሄድ አይቆጠብም።

ሁለተኛው ሥራ ጭነትን ማሰባሰብ ነው። ጥቂት ኩንታል ያላቸው አርሶ አደሮች እህላቸውን በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራቸው መጋዘን በአንድ ቀን ቢያቀርቡ 70 ኩንታል መሙላት አይከብድም። ከቤት እስከ መጋዘን ያለውን አህያና ጋሪ ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ እነሱ ሊትር አይጠይቁም። ማኅበሩ እህሉን ሲረከብ ቢያንስ የተወሰነውን ክፍያ ወዲያው መፈጸም ካልቻለ ግን አርሶ አደሩ ተመልሶ ወደ ፒክአፑ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ የነዳጅ ቁጠባው ከማኅበሩ የገንዘብ አቅም ጋር የተያያዘ ነው።

ሦስተኛው የመልስ ጭነት ነው። የአፈር ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በዩኒየኖች መጋዘን አድርጎ ወደ ወረዳዎች የሚጓጓዘው ከበጋው አጋማሽ እስከ ክረምቱ መግቢያ ነው። ጤፍና ስንዴ ወደ ገበያ የሚወጣው ደግሞ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ሁለቱ ጉዞዎች ለበርካታ ወራት ይገጣጠማሉ። ማዳበሪያ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካለ እህል ሊይዝ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ላይ እንደሚገኘው ጎዛምን ያሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የማዳበሪያውንም የእህሉንም ሥራ ስለሚያውቁ፣ የሁለቱን የጊዜ ሰሌዳ ለማገናኘት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። ማዳበሪያ ያራገፈ ካሶኒ ግን እህል ከመጫኑ በፊት በደንብ ተጠርጎና ሸራ ተነጥፎበት መሆን አለበት።

አራተኛው የመኪናው ይዞታ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያዝ ያደረገ ፍሬንና ያረጀ ኢንጀክተር እያንዳንዳቸው ነዳጅ ይበላሉ። በኬላ ወይም በመጫኛ ቦታ ሞተር ሳይጠፋ መቆምም እንዲሁ ነው። የጭነት መኪና ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ግማሽ ቀን ቢቆም የአንድ ኩንታልን ሳይሆን የበርካታ ኩንታልን የጉዞ ነዳጅ አቃጥሏል።

በአንጻሩ ወጪን በኩንታል ለመቀነስ ሲባል ከልክ በላይ መጫን መፍትሔ አይደለም። በወረቀት ላይ ለኩንታል የሚደርሰውን ሊትር ቢቀንስም ፍሬንና ጎማ ይጨርሳል፤ በዓባይ ቁልቁለት ሕይወት ያስከፍላል። መንገዱንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ የተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የተጎዳ መንገድ ደግሞ በማግስቱ የሁሉንም መኪና ፍጆታ ይጨምራል።

የነዳጅ ዋጋ የሚወሰነው ከደብረ ወርቅ ርቆ ነው፤ በዓለም ገበያ፣ በውጭ ምንዛሪና በመንግሥት ውሳኔ። የዓባይ በረሃ ከፍታም አይቀየርም። በአካባቢው ሊወሰን የሚችለው ካሶኒው ምን ያህል እንደሚሞላ፣ በመልሱ ምን እንደሚይዝና ፍጆታው በደብተር መስፈሩ ነው። መኪና ለመከራየት የሚደራደር አርሶ አደር፣ ነጋዴ ወይም የማኅበር አመራር ከእንግዲህ «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም። «ስንት ኩንታል ይዞ፣ በስንት ሊትር፣ ምንስ ይዞ ይመለሳል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የዚህ ጥያቄ መልስ በኩንታሉ ዋጋ ላይ በመቶ የሚቆጠር ብር ልዩነት እንዳለው ከላይ የቀረበው ስሌት ያሳያል።